የሞተሩ ዘይትና የገናሌ ዳገት

ነገሌ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው "ምን ዘይት ነው የምትጨምርለት?" ተብሎ ነው። የቤተሰብ ደህንነት፣ ዝናቡ ሊበን ሜዳ መድረስ አለመድረሱ፣ የበሬና የፍየል ዋጋ፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጠያቂው ደግሞ መልሱን ሳይሰማ የራሱን ይዞ ነው የሚቀርበው። አንዱ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠውን ወፍራሙን ዘይት ያመሰግናል፤ ሌላው በሞያሌ በኩል የሚገባውን ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ ሦስተኛው ዘይት ሁሉ ዘይት ነው ብሎ ይገላግላችኋል። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ክርክሩ አያልቅም፤ እኔም ከዚህ በታች እስከምነግራችሁ ቀን ድረስ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የኔዋ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ በቦረናና በጉጂ ቆላ የደስታ በሽታን ሲያሳድዱ ከኖሩት ሰዎች አንዱ። መኪና የማይገባበት ሠፈር ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ሆኖ በሞተር ሳይክል ጀርባ ላይ ነበር የሚደርሰው። ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ሲታወጅ አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማና ወጥቶ ሞተሯን አጠባት፤ ሌላ ምንም አላለም። ሞተሯን የገዛት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ነው። ስትገዛ መብራት አልነበራትም፣ ማርሚታዋ ተበስቶ ነበር፣ መቀመጫዋን ፍየል በልቶታል። ልቧ ግን ደህና ነበር። ከእሱ ወደ እኔ ስትተላለፍም ልቧ ደህና ነበር፤ እኔም ደህናውን የተሻለ ላደርገው ተነሣሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለዚህ ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ። ሰበቃ የሚለውን ምዕራፍ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ እንቅስቃሴን የሚቃወም ኃይል፤ ጉዳቱ ማሞቁና መብላቱ፣ ጥቅሙ ደግሞ መራመድ፣ መያዝና መቆም ማስቻሉ። ይህንን ከጥቁር ሰሌዳው ላይ በሁለት ዓምድ እጽፈዋለሁ፣ ተማሪዎቹም ይገለብጡታል። እዚህ ላይ ያነሣሁት ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ዘይቱን ወደመረጥኩበት ቀን ልምጣ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወረድ ብሎ የመለዋወጫ ሱቆች ተደርድረዋል። አንደኛው ሰፊና መስታወት ያለው ነው፤ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። አጠገቡ ደግሞ በቆርቆሮ የተሠራች፣ ሁለት ሰው የማታስገባ የባጃጅ ዕቃ መሸጫ አለች፤ ደጃፏ ላይ ሁልጊዜ አንድ ባጃጅ ሆዱ ተከፍቶ ይቆማል። ወደ ሰፊው ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ቆርቆሮና ጀሪካን ሁሉ እያነሣሁ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቁጥር የሚወድ ሰው ስለሆንኩ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅሁትም።

ቁጥሩ እውነትም የሚያስደስት ነገር አለው። 20 ደብሊው 50 ሲል፣ ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ኋላ ያለው ደግሞ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሞተር ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው። መለኪያው ሴንቲስቶክ ይባላል። በዚያ ሙቀት 30 ቁጥሩ ከ9.3 እስከ 12.5 ባለው ውስጥ ይውላል፤ 50 ቁጥሩ ከ16.3 እስከ 21.9። ስለዚህ እንደ ዶሎ ባለ አገር፣ አየሩ ብቻ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ውሃ በሌለውና ነፋስ ብቻ በሚያቀዘቅዘው ሞተር ውስጥ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ከቁጥሩ ሌላ ፊደልም አለ። የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ማዕረግ ነው፤ ኤስኢ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ፣ ኤስኤፍ በ1980፣ ኤስኤን በ2010። የኔዋ ሆንዳ ስትሠራ መመሪያዋ የጠየቀው ኤስኢ ወይም ኤስኤፍ ነበር። እኔ ደግሞ ኤስኤን የተጻፈበትን አነሣሁ። ፊደሉ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው፣ አዲስ ከሆነ የተሻለ ነው፣ የተሻለ ከሆነ ለአባቴ ሞተር ይገባታል ብዬ።

5 ደብሊው 30 ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ፣ ወርቃማ ጀሪካን ውስጥ። ከኋላው ባለው ክብ ምልክት ግርጌ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ጽሑፍ አለ። ሻጩ "ለመኪና ነው ጋሼ፣ ግን ምርጡ ነው" አለኝ፤ የሰማሁት ሁለተኛውን ቃል ነው። ዋጋው የደመወዜን ደህና ጉማጅ ወሰደ። ስወጣ ከቆርቆሮዋ ሱቅ ፊት ባጃጅ ሥር የተጋደመው ልጅ አንገቱን አውጥቶ ጀሪካኑን አየና "ቲቸር፣ ለዶቅዶቄዋ ነው? እኛ ጋ አለኮ የሷ" አለ። አመስግኜው አለፍኩ። እጄ ሞልቶ ነበር።

ቤት ደርሼ አሮጌውን ዘይት በሙቅ ሞተር አፈሰስኩ። አዲሱን ጨመርኩ፤ አንድ ሊትር ገደማ ነው የምትይዘው። መለኪያው ከክዳኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚህ ዓይነት ሆንዳ ላይ ክዳኑን ሳያጠብቁ ዘንጉን አስገብቶ ብቻ ነው የሚለካው፣ አጥብቆ የለካ ሰው ዘይት ሳይሞላ የሞላ ይመስለዋል። ይህንን አባቴ ነው ያስተማረኝ፤ በጥንቃቄ አደረግሁት። ረግጬ ሳስነሣት ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። ሰፈሩን ዞርኩባት። ሜዳ ላይ ምንም አልጎደላትም።

ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ሳልፍ ሁልጊዜ የማስበውን ያን ጊዜም አሰብኩ። ነገሌ አንድ ማሽን ሲበላሽ አገር ሲናወጥ ያየች ከተማ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፣ ወታደሮቹ ከዚያ ይቅዱ ቢባል መኮንኖቹ እምቢ አሉ። ምግቡም ቀድሞ ያስመረረ ነበር። ጥር 4 ቀን ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሮቹ እሳቸውንም አስቀምጠው ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው፣ ጄኔራሉም ታመሙ። ዓመቱ ሳይገባደድ ደብረ ዘይትና አሥመራ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ተከተሉ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ የአብዮቱ መንስኤ የመሬት ጥያቄ ነው፣ የረሃቡ መደበቅ ነው፣ የነዳጅ ዋጋ ነው ይለኛል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ያ መሳቢያ በጊዜው ቢጠገን ኖሮ የሚለውን ሐሳብ ከአእምሮዬ ማውጣት አልችልም። ማሽን የሚንከባከብ ሰው ከሰው ጋር የተያያዘ ነገር ነው የሚንከባከበው።

እኔንም ወደ ገናሌ ያስጠራኝ ማሽን ነው። አክስቴ ከነገሌ ወደ ዶሎ መና በሚወስደው መንገድ፣ ገናሌ ወንዝ አጠገብ ባለች መንደር ትኖራለች። ወፍጮ ቤት አላት። ደወለችና "ልጄ፣ ቺንጋው ተበጠሰ፤ ሴቶቹ እህል ተሸክመው መጥተው ደጅ ተቀምጠዋል" አለችኝ። ቺንጋ ማለት ከናፍጣው ሞተር ኃይሉን ወደ ወፍጮው ድንጋይ የሚያሻግረው ጎማ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ለራሱ ይጮኻል፣ ድንጋዩ ይተኛል። ቁጥሩን ነገረችኝ፣ ከገበያ ፈልጌ ገዛሁ፣ ትከሻዬ ላይ አጠለቅሁትና ተነሣሁ።

ያ መንገድ ቁልቁል ነው። ነገሌ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ወደ ገናሌ ሲወርዱ ቀይ አፈሩ ይሳሳል፣ ግራሩ ይበዛል፣ አየሩ ይወፍራል። የሐገያ ዝናብ ገና አልጣለም ነበርና አቧራው ከኋላዬ ተነሥቶ ቀረ። ቁልቁለት ላይ ሞተር ብዙ ሥራ የለውም፤ ማርሽ አስገብታችሁ በፍሬንና በሞተሩ መያዝ ትወርዳላችሁ። ስለ አዲሱ ዘይት እያሰብኩ ነበር የምወርደው። እንዴት ጸጥ እንዳለች፣ እንዴት እንዳልጋለች። ለአባቴ በልቤ ነገርኩት።

ቺንጋውን ሳስረክብ የተደረገልኝን አቀባበል አልረሳውም። ደጅ የተቀመጡት ሴቶች ተነሡ፤ አንዲት የጉጂ እናት እጄን ይዛ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ቺንጋውን አጠለቀ፣ ናፍጣው ተነሣ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ በቆሎው መውረድ ጀመረ። አክስቴ ቡና አፈላች። ወጣቱን የሆነ ቦታ አውቀው ነበር ግን ፊቱ ዱቄት ስለለበሰ አልለየሁትም። ፀሐይ ሳትበረታ ልመለስ ብዬ ተሰናብቼ ተነሣሁ። ሸኙኝ፤ ሁሉም። ይህ ነው ችግሩ፣ ሁሉም መሸኘታቸው።

ከመንደሯ ወጥቶ ወደ ነገሌ የሚወስደው ዳገት የሚጀምረው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሆኖ ሙሉው ይታያል። በአንደኛ ማርሽ ተነሣሁ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ቤንዚን ሰጠሁ። ሞተሯ ጮኸች፤ መሬቱ ግን ከሥሬ እየቀረ መጣ። ተጨማሪ ሰጠሁ፤ ይበልጥ ጮኸች፣ ይበልጥ ዘገየች። ወደ አንደኛ መለስኩ። ጩኸቱ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ኋላ ጎማው የራሱን ነገር ያስብ ይመስል ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቆመ። የተሸከመ አህያና ነጂዋ ልጅ አልፈውኝ ሄዱ። ልጁ ዞሮ አየኝ፤ አህያዋ አልዞረችም።

ወርጄ ገፋኋት። አሁንም ከታች ያሉት እያዩ ነው፤ ሽኝቱ አላለቀም፣ እጅ እያወዛወዙ ነው፣ እኔም መልሼ አወዛወዝኩ። በቦረና ቆላ ቀትር ላይ ሞተር ሳይክል ወደ ላይ መግፋት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማያውቅ ደግሞ አይገባውም። ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ጥቂት እገፋና አስነሣታለሁ፣ ትጮኻለች፣ ትንሽ ትሳብና ትቆማለች። ሕፃናቱ መጥተው ከኋላ ይዘው ይገፉ ጀመር፤ እነሱ ሲገፉ ሄደች፣ ሲለቋት ቆመች፣ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ከእነሱ ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ያንተኛው ግን ማድረሱም ቀረ" አሉኝ በደግነት። በመጨረሻ አዙሬያት ሞተሯን አጥፍቼ ወደ ታች ወረድኩ። ወደ ታች ስትሄድ ምንም አልሆነችም። በነፃ ተንከባልላ ከሸኙኝ ሰዎች መካከል ገብታ ቆመች።

ወጣቱ ወፍጮውን ለሌላ ሰው ትቶ ወጣ። ፊቱን በክንዱ ጠረገና ያኔ ለየሁት፤ ተማሪዬ ነበር። የኋላውን መቀመጫ ረድፍ የማይለቅ፣ ዝም ያለ ልጅ።

"ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘይት ቀይረው ነበር?"

"ቀይሬያለሁ። ምርጡን ነው የጨመርኩት።"

"የመኪና ነው?"

ዝም አልኩ። ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘንጉን በጣቶቹ መካከል አሸት አደረገ። "ፍሪሲዮኑ ነው የተንሸራተተው። መኪና ላይ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ዘይት አይነካውም። የእርስዎ ግን ከዘይቱ ውስጥ ነው ያለው። ማርሹም፣ ሞተሩም፣ ፍሪሲዮኑም አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት። የአሁኑ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ የሚያንሸራትት ነገር ይጨመርበታል፤ የፍሪሲዮን ሸራ ደግሞ ካልተያያዘ አይሠራም።" ትንሽ ቆም አለና፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ "ሰበቃ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት እኮ ቲቸር። ጥቅሙንና ጉዳቱን በሁለት ዓምድ ጻፉ ብለውን" አለ።

አክስቴ ቆማ ትሰማለች። ሴቶቹም ይሰማሉ፤ አማርኛ የማይሰሙት በጎረቤታቸው በኩል በኦሮምኛ ይተረጎምላቸዋል። ልጁ ሊያሳፍረኝ አስቦ አልነበረም፤ እንዲያውም መምህሩ ያስተማረው ነገር እስካሁን ከእሱ ጋር እንዳለ ሊነግረኝ ነበር የፈለገው። ይህ ነገሩን ከባድ አደረገው። የሱን ደብተር በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፣ ጥቅም በሚለው ዓምድ ሥር "መያዝ" የሚል ቃል። ቱላ በሚባለው ጥልቅ የቦረና ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ውሃ ወደ ላይ የሚያቀብል ሰው ባልዲውን በሳሙና እጅ ቢይዝ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ የሞተሬ ፍሪሲዮን ሸራዎች ዳገቱ ላይ የሆኑት ያንን ነው። ጉልበቱ አለ፣ ፍላጎቱ አለ፣ መያዣው የለም። ቁልቁል ላይ ያልታወቀው ጉልበት ስላላስፈለገ ነው።

ልጁ ሥራውን ጀመረ። ዘይቱን አንድ ጀሪካን ውስጥ ገለበጠ፣ የቀኝ ጎኗን ሽፋን ፈታ፣ ሸራዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በቤንዚን አጠባቸው፣ ፀሐይ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ዘረጋቸው። የሽፋኑ ጓርኒሲዮን ሳይቀደድ እንዲወጣ በምላጭ ነው የፈለቀቀው። አልተቃጠሉም ነበር፤ ቶሎ መመለሴ አዳናቸው። ቀጥሎ የሚጨመረው ዘይት ጥያቄ ሆነ፤ እዚያ መንደር ውስጥ የሞተር ዘይት የሚሸጥ ሱቅ የለም።

አክስቴ "ጉሎ አለን" አለች። የሳቀ የለም፤ ሊሳቅም አይገባም ነበር። ጉሎ እዚህ አካባቢ በየአጥሩ ይበቅላል፤ ፍሬው ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል፣ ቆዳ ያለሰልሳል። ደግሞም የሞተር ዘይት የነበረ ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩት ሞተራቸው የሚሽከረከር አውሮፕላኖች በጉሎ ዘይት ነበር የሚበሩት፣ ቤንዚን ስለማያሟሟው። ካስትሮል የሚባለው ኩባንያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጉሎ ነው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቻርልስ ዌክፊልድ የመሠረተው ድርጅት ከአሥር ዓመት በኋላ የጉሎ ቅልቅል ያለበትን ዘይት ሲያወጣ የሰጠው ስም ነው። የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክሎችም ለብዙ ዘመን በሱ ሮጠዋል። እኔ ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ስተርክላት ቡናው ቀዘቀዘ። ልጁ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ የጉሎ ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር በደንብ አይዋሐድም፣ ሲግል ደግሞ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነገር ይተዋል፣ የሞተሯን የዘይት ቀዳዳ ይደፍናል። ልክ ነው። የሆንዳዬ የዘይት ማጣሪያ የወረቀት ፊልትሮ እንኳን አይደለም፤ ቆሻሻውን በማሽከርከር የሚያወጣ ክብ ዕቃና ትንሽ ወንፊት ብቻ ነው ያላት።

ከወፍጮው ሞተር በርሜል ቀዳልኝ። ኤስኤኢ 40፣ ደብሊው የሌለው፣ ለናፍጣ ሞተር የሚሆን ተራ ዘይት። የሚያንሸራትት ቅመም የለበትም። ሌሊት ብርድ ባለበት አገር ጠዋት ለማስነሣት ይከብዳል፤ ገናሌ ዳር ግን ብርድ የለም። ለዘለቄታ አልመርጠውም፤ ለዳገቱ ግን ከወርቃማው ጀሪካን ይበልጥ ነበር።

የወጣው ዘይት ምን ይሁን የሚለው ሌላ ወሬ ከፈተ። አዲስ ማለት ይቻላል፣ ቀለሙ እንኳን ገና ማር መሰለ። ገናሌ ሃምሳ እርምጃ ላይ ነው የሚፈሰው፣ አንዱ ወደዚያ ጠቆመ። እምቢ አልኩ፤ ይህን ስናገር ድምፄ ተመለሰ። ገናሌ ከዚህ ወርዶ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል፤ እዚህ የተደፋ ነገር ሶማሊያ ውስጥ ሰውና ከብት የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው። ያን ጊዜ ግመል የሚያግዱ አባት ቀረቡና ጀሪካኑን ጠየቁኝ። በዚህ ቆላ የተቃጠለ ዘይት የግመል እከክ ማድረቂያ ነው፤ በጨርቅ ነክረው ይቀቡታል። ዘመናት የተሠራበት ነገር ነው፣ ግን የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ጥቀርሻ አለ፣ ግመሏም ትልሰዋለች። የክትባት ሠራተኛ ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ለእከኩ አይቨርሜክቲን የሚባል መርፌ እንዳለ፣ ነገሌ የእንስሳት ሕክምና እንደሚያገኙት ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ "መርፌው ሲመጣ እወጋታለሁ፤ እስከዚያ ታክካለች" አሉ። ዘይቱ ለአጥር እንጨት ይሁን፣ ምስጥ እንዳይበላው፣ ተባብለን ተስማማን። ወስደውት ሲሄዱ ግመሏ ስትከተላቸው አየሁ፤ ቃላቸውን ግን ሰጥተውኛል።

እዚያው አደርኩ። ሸራዎቹ ደርቀው ተመለሱ፣ ሽፋኑ ተገጠመ፣ ልጁ የፍሪሲዮኑን ገመድ ላላ አድርጎ ትንሽ ጨዋታ ተወለት፤ ገመዱ ተወጥሮ ከተያዘ ሸራው ሙሉ በሙሉ አይጫንም። ጠዋት ሳይሞቅ ተነሣሁ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ የወፍጮ ዓይነት፤ ግን የምሰጣትን ሁሉ ወደ መሬት ታወርደው ነበር። ለልጁ ገንዘብ ሰጥቼው አልተቀበለኝም። የፊዚክስ መጽሐፍ ላኩልኝ አለኝ፣ እኅቱ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ላክሁ።

ነገሌ ስደርስ ቀጥታ ወደ ቆርቆሮዋ ሱቅ ሄድኩ። ባጃጅ ሥር ያለው ልጅ አሁንም እዚያው ነበር። "የሷን" አልኩት። ከመደርደሪያው 20 ደብሊው 50 አውርዶ ሰጠኝ፤ ጀርባው ላይ ጃሶ ኤምኤ ይላል። ጃፓኖች ይህን መለያ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመኪና ዘይት እየተሻሻለ ሲሄድ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን መንሸራተት ስላስቸገራቸው ነው። ኤምኤ የተባለው ከዘይት ውስጥ ሆኖ ለሚይዝ ፍሪሲዮን ነው፤ ኤምቢ የተባለው ፍሪሲዮናቸው ከዘይት ውጭ ለሆነ ስኩተሮች። የባጃጅም ፍሪሲዮን ከዘይቱ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ባጃጅ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ያቤሎም ይሁን ሻኪሶ፣ ፊልቱም ይሁን ሞያሌ፣ ለአሮጌ ሆንዳ የሚሆን ዘይት አለ ማለት ነው፤ ለዚያውም ከወርቃማው ጀሪካን በጣም ባነሰ ዋጋ። የምትጠነቀቁት ሁለት ነገር ነው፤ የክዳኑ ማኅተም ያልተነካ መሆኑንና ጠርሙሱ ተመልሶ የተሞላ አለመሆኑን። ከዚያ ሳታስረጁት መቀየር ነው። የሞተር ሳይክል ማርሽ ጥርሶች ወፍራሙን ዘይት እየቆራረጡ ያቀጥኑታል፤ አቧራችን ደግሞ ቀሪውን ይጨርሳል። እኔ ክረምት ከበጋ የመመሪያዋን ርቀት ሳልጠብቅ፣ ሲጠቁር እቀይራለሁ።

ይህን ሁሉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስተርክ፣ ያማሃ ያለው የሒሳብ መምህር ከልቡ አዳመጠኝና ከተረፈኝ ዘይት ትንሽ ለመነኝ፤ ሰጠሁት። የክፍለ ጊዜዬ ደወል ተደውሎ ገብቼ ሰበቃን ከሰሌዳው ላይ ጽፌ ስዞር በመስኮት አየሁት። ያማሃው ቱ ስትሮክ ነው። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል፣ ለሱ ብቻ የተሠራ ቀጭን ዘይት በትንሿ ታንክ በኩል የሚፈልግ፣ ይህ የኔ ዘይት ከገባበት ካንዴላውን በጥቀርሻ የሚደፍንበት ሞተር። የትንሿን ታንክ ክዳን ከፍቶ ጠርሙሱን አዘንብሏል። ጠመኔውን ጣልኩና በመስኮቱ በኩል ጮኽኩለት፤ አልሰማኝም፣ ተማሪዎቹን አልፌ ሮጥኩ፤ ግማሹ ክፍል ከኋላዬ ወጣ። ደረስንበት። ማርሽ ቤቱ ውስጥ ጨምርበት፣ እዚያ ይሆናል፣ ፍሪሲዮኑ ያለው እዚያ ነው ብዬ ሌላውን ቀዳዳ አሳየሁት፤ ተማሪዎቹም ለምን እዚያ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ የቀረውን ክፍለ ጊዜ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ቆመን ጨረስነው።